የኢኢጂ ነጥቦቹ ከኤምአርአዩ ጋር አልገጥም አሉ፤ ግንባሩ ይንሳፈፋል፣ ኋላው ይሰምጣል

የማታዋ ከአምስት ኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ ሰው የቀኝ ወይም የግራ እጁን ጣቶች ሲያንቀሳቅስ አንጎሉ ላይ የሚታየውን ለውጥ በኢኢጂ፣ ማለትም የራስ ቆዳ ላይ በሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚለካው ዘዴ፣ መቅዳት ነው። ከዚያ ለውጡ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደተነሳ እፈልጋለሁ። ወደፊት ይህንን ስትሮክ መትቷቸው እጃቸው ከከዳቸው ሰዎች ጋር መሥራት ነው ሐሳቤ። ፊዚዮቴራፒ ላይ ያለ ሰው እጁ ገና ሳይንቀሳቀስ አንጎሉ ውስጥ ነገሩ መመለስ መጀመሩን ማየት ብንችል ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ «እዚያ አካባቢ ነው» የሚል መልስ አይበቃኝም። እጅን የሚያዝዘው የአንጎል እጥፋትና ከእጅ የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለው እጥፋት ጎረቤታሞች ናቸው። በመሃላቸው አንድ ቦይ ብቻ ነው ያለው። 1 ሴንቲ ሜትር ከሳትኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገርኩ ማለት ነው።

ለዚህ ኤሌክትሮዶቹ ያሉበትን ቦታ ከሰውየው የኤምአርአይ ምስል ጋር ማገጣጠም አለብኝ። ያለኝ ነገር ይኸው። ባለ 32 ኤሌክትሮድ ኮፍያ አለን። ፈቃደኛ የሆነልኝ ጓደኛዬ ደግሞ በ1.5 ቴስላ ማሽን ኤምአርአይ ተነስቷል። የተነሳው በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ነው። መጀመሪያ የሰጡን ሲዲ ላይ ያለው ምስል የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለሐኪም ንባብ ይበቃል፣ ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም። ተመልሰን በ1 ሚሊ ሜትር እንዲነሳልን ስንለምን አንዲት ቅን ባለሙያ አገኘንና አነሳችልን። ምስሉ የመጣበትን የዳይኮም ፋይል በዲሲኤም-ቱ-ኒክስ ፕሮግራም ወደ ኒፍቲ ፋይል ቀየርኩ። አፍንጮ በር እኔ የተከራየሁበት ቤት ማታ ማታ መብራት ስለሚሄድ ከምስሉ አንጎሉንና የራስ ቆዳውን የሚያወጣውን ፍሪሰርፈር የሚባል ፕሮግራም ዩፒኤስ ያለው የጓደኛዬ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አሳደርኩት። አንጎሉም የራስ ቆዳውም በደንብ ወጣ።

የኤሌክትሮዶቹን ቦታ የሚለካ ዲጂታይዘር የለንም። ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው። ስለዚህ አይፎን ተውሰን ጓደኛዬ ኮፍያውን እንዳደረገ ራሱን ዙሪያውን ስሪዲ ስካን አደረግነው። ስካኑ ላይ 32ቱን ኤሌክትሮዶች አንድ በአንድ በማውዝ ለቀምኩ። ሦስቱን ምልክቶችም፣ ማለትም የአፍንጫ መነሻውንና ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ያሉትን ነጥቦች፣ እንዲሁ ለቀምኩ።

ከዚያ ኤምኤንኢ-ፓይተን በሚባለው የኢኢጂ መተንተኛ ፕሮግራም ውስጥ የማገጣጠሚያውን መስኮት ከፈትኩ። መጀመሪያ በሦስቱ ምልክቶች አስጠጋሁት። ቀጥሎ ነጥቦቹን በራሱ ወደ ቆዳው የሚያስጠጋውን፣ አይሲፒ የሚለውን ተጫንኩ። ነጥቦቹ ከቆዳው ያላቸው አማካይ ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። ብጫነው ብጫነው ንቅንቅ አይልም። ግንባር ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች አየር ላይ ናቸው። ከኋላ ያሉት ቆዳውን አልፈው ገብተዋል። አናቱ ላይ ያሉትም ትንሽ ከፍ ብለዋል፤ ጓደኛዬ ጎፈሬ ነው፣ ምናልባት ከዚያ ይሆናል። የግራ ጆሮው ነጥብ ደግሞ ኤምአርአዩ ላይ ካለው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ቀኙ ደህና ነው።

ሥዕሉን እዚህ አልለጠፍኩም። የራስ ቆዳው ሲወጣ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። የሚያውቀው ሰው ቢያይ ይለየዋል፤ እሱ ደግሞ የፈቀደልኝ ለጥናቱ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይህ ከየት የመጣ ነው? ሌሎቹ ፈቃደኞቼ ደግሞ ኤምአርአይ የላቸውም፤ ለሁሉም ማስነሻ ገንዘብ የለኝም። ለእነሱ ኤፍኤስአቨሬጅ የሚባለውን የአማካይ ሰው አንጎል ብጠቀም የማገኘው ነገር ይታመናል ወይ?

ኮድ ከካዛንቺስ፦

ሰላም እህት። እኔ የአንጎል ሰው አይደለሁም፣ የስሪዲ ስካን ሥራ ነው የምሠራው። ከዚያ በኩል ያለውን ብቻ ልበል።

መለኪያውን አጣሪ። ኤምኤንኢ ርቀትን በውስጡ በሜትር ነው የሚይዘው። የስካን አፖች ግን አንዳንዱ በሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱ በሜትር ያወጣሉ። አንቺ ጋ ያ ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ ሌላ ከተማ ነበር የሚታዩሽ፤ ስለዚህ እሱን ተይው። ግን የስልክ ስካን በጥቂት ፐርሰንት ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ከጆሮ እስከ ጆሮ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ራስ 5 ፐርሰንት ማለት 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ያንቺ ስህተት ያህል ሆነ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስካን ስታደርጉ የኤቲኤም ካርድ ትከሻው ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ይሁን። የካርድ ረጅሙ ጎን የትም አገር 85.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስካኑ ላይ ስትለኪው ያ ካልመጣ ሁሉንም ነጥብ በዚያ ልክ ታስተካክያለሽ። ለተሠራው ስካን ደግሞ ኮፍያው ላይ ያለ መጠኑን የምታውቂው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የኤሌክትሮዱ ክብ ፕላስቲክ፣ በካሊፐር ለክተሽ አስተያዪ። ትንሽ ነገር ስለሆነ ልኬቱ ያን ያህል አይጠራም፤ ብዙ ኤሌክትሮዶች ለክተሽ አማካዩን ውሰጂ።

ሹሩባና ሲግናል፦

እህቴ፣ ሥዕሉን ባላየውም የጻፍሽው ይበቃኛል። ፊቱን ስለሸፈንሽለትም ደስ ብሎኛል።

ግንባሩ ተንሳፍፎ ኋላው ከሰመጠ ነጥቦቹ በሙሉ ወደ ፊት አጎንብሰዋል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ከሁለቱ ጆሮዎች መሃል ተነስተሽ ብትለኪ አናት ሩቅ ነው፣ ከኋላ ያለው የራስ ክፍል ግን ይቀርባል። ነጥቦቹ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ የኋላዎቹ ወደ አናት ይወጣሉ። እዚያ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ይቀበራሉ። የግንባሮቹ ወደ ዓይን ይወርዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ፊት ጎደል ይላልና ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ተገላቢጦሹን ካየሽ፣ ማለትም ግንባሩ ሰምጦ ኋላው ከተንሳፈፈ፣ ራሱ ቀና ብሏል። አንድ ጎን ተንሳፍፎ ሌላው ጎን ከሰመጠ ወደ ጎን ተገፍቷል። ይህን ማንበብ ከቻልሽ ቁጥሩን ሳታዪ ችግሩ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

ለምን አጎነበሰ? እኔ የምጠረጥረው የአፍንጫውን ነጥብ ነው። ናዝዮን የሚባለው ቦታ ቅንድብና ቅንድብ መሃል አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አፍንጫው ጎድጎድ የሚልበት ነው። የኮፍያው ጠርዝ ግንባር ላይ ሲወርድና የስልኩ ስካን ያንን ጎድጓዳ ሲያለሰልሰው ቦታው አይለይም፤ ነጥቡ ወደ ቅንድብ ይሸሻል። ከጆሮዎቹ መስመር እስከ አፍንጫ መነሻ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ነጥቡ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ፕሮግራሙ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲያወርደው ነጥቦቹ በሙሉ 6 ዲግሪ ገደማ ይዞራሉ። ማጅራት አካባቢ ያለው ኤሌክትሮድም እንደዚያው 1 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።

አይሲፒ ለምን አላዳነሽም? ይህ ዘዴ በ1992 ቤስልና ማኬይ ያቀረቡት ነው። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከቆዳው ላይ ቅርቡን ቦታ ይፈልጋል፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ትንሽ ያዞርና ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይፈልጋል። መሻሻል ሲያቆም ይቆማል። ቅርብ ያለውን ጥሩ ቦታ ያገኛል እንጂ ሩቅ ያለውን ትክክለኛ ቦታ አያውቅም። ደግሞ የሰጠሽው ኤሌክትሮዶችን ብቻ ነው። ኤሌክትሮድ የሚቀመጥበት የራስ ክፍል ድቡልቡል ነው፤ የጨርቅ ኳስ ላይ ኮፍያ ደፍተሽ ብታሽከረክሪው የሚይዘው ነገር የለም። በዚያ ላይ ነጥቦቹ ያሉት ጎፈሬው ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይደለም። ስለዚህ ዜሮ ርቀት የሚባል ትክክለኛ መልስ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

የሚይዘው ፊት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ስልክሽ ስካን ሲያደርግ ፊቱንም ይዞታል። ከስካኑ ላይ የአፍንጫውን ግንድ፣ የቅንድቡን አጥንትና የዓይኑን ጉድጓድ ጠርዝ ቁረጪ። ለስላሳውን ጉንጭ ተይው፤ ሰው ማሽን ውስጥ በጀርባው ሲተኛና ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጉንጩ አንድ ዓይነት አይደለም። ከንፈርና አገጭንም ተይ፣ አፍ ይንቀሳቀሳል። ጥቂት መቶ ነጥቦች ይበቁሻል። እነዚህን ሜክ-ዲግ-ሞንታዥ በሚለው ፋንክሽን ውስጥ ኤችኤስፒ (የራስ ቅርጽ ነጥቦች) በሚለው ቦታ አስገቢ። ከዚያ ማገጣጠሚያው መስኮት ላይ ለነዚህ ነጥቦች ከፍ ያለ ክብደት ስጪ። ለኤሌክትሮዶቹ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ስጪ። የአፍንጫውን ነጥብ ክብደትም ቀንሺው። ነጥቡ በትንሹ ቢሳሳት እንኳ ጉዳት የለውም፣ መጨረሻ ላይ ራሱን የሚያስቀምጠው ፊቱ ነውና። ከመጀመርሽ በፊት ግን ማዞሪያውን በእጅሽ ነክተሽ አገጩን ቀና አድርጊው፤ አይሲፒ ከጥሩ መነሻ ሲነሳ ነው ጥሩ ቦታ የሚደርሰው።

ስትጨርሺ ኤሌክትሮዶቹ አሁንም ይንሳፈፋሉ። አትደንግጪ። ሁሉም በጸጉሩ ውፍረት ልክ እኩል ከተንሳፈፉ ትክክል ነው። የሚያሳስበው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን ነው። ቀጥሎ የአንጎሉ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሮዶቹ ጋ እንዴት እንደሚደርስ የሚያሰላውን የፎርዋርድ ስሌት ስታሠሪው ኤምኤንኢ ራሱ ኤሌክትሮዶቹን ወደ ቆዳው አውርዶ ይለጥፋቸዋል።

ስለ ጸጉር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ እኔ በዚህ ብዙ ስለተቃጠልኩ። የኢኢጂ ኮፍያ ሲሠራ የኛን ጸጉር አስቦ አልተሠራም። ጎፈሬው ኮፍያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ኤሌክትሮዱን ከቆዳ ጋር የሚያገናኘው ጄል ቆዳ ጋ ሳይደርስ ጸጉር ላይ ይቀራል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ስትመጣ ደግሞ «ፍቺው» ማለት አልችልም። ለሹሩባው ገንዘብ ከፍላለች፣ ግማሽ ቀን ተቀምጣለች። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሰሞን ቀጠሮ የማልይዘው ለዚህ ነው፤ ከበዓሉ በፊት፣ ሹሩባው ሳይሠራ ነው የምጠራቸው። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ያለው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጸጉሩ ከራስ ጋር ተያይዞ ሲጎነጎን በጉንጉኖቹ መካከል የሚገባ ኤሌክትሮድ ሠርተው አሳትመዋል። ሐሳቡ እኛ ጋ የተወለደ ያህል ነው የሚመስለኝ። ሹሩባ የሚሠራ ሰው የራስ ቆዳን መስመር ከማንኛችንም በላይ ያውቃል። የጉንጉኖቹን መንገድ ኤሌክትሮዶቹ በሚቀመጡበት መስመር ላይ ማስኬድ ይቻላል። ለኢኢጂ ተብሎ ሹሩባ የሚሠራበት ቀን ቢመጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለጎፈሬው ጓደኛሽ ግን አሁን የምትችይው በማበጠሪያ ጭራ ጸጉሩን ከፍለሽ ቆዳው ሲታይ ጄሉን ማስገባት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውን ስጪው።

ትክክል መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው ዓይን ሲጨፈን የሚመጣውን የአልፋ ሞገድ ከኋላ አይቶ «ገጠመ» ይላል። አይበቃም። አልፋ በሁለቱም ወገን ስለሚታይ ግራና ቀኙ ቢገለበጥ እንኳ አያጋልጥም። ያንቺ የጣት ሥራ ይሻላል። የቀኝ እጅ ጣት ሲንቀሳቀስ ቤታ ሞገድ፣ ማለትም ከ13 እስከ 30 ኸርዝ ያለው፣ በግራው የአንጎል ክፍል ይበልጥ መቀነስ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚዲያን ነርቭ ፈተና ነው። የእጅ አንጓ ላይ ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ነካ ነካ ስታደርጊው በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል። ይህ መልስ የሚነሳው ካልሽው ቦይ ከኋለኛው ግድግዳ፣ ከተቃራኒው ወገን ነው። ማስነሻ መሣሪያ ያለው የነርቭ ሐኪም ካወቅሽና ሐኪሙ ራሱ ከሠራልሽ በአንድ ጠዋት ታረጋግጫለሽ።

ኤፍኤስአቨሬጅን በተመለከተ፦ ከ40 ሰዎች አንጎል የተሠራ አማካይ ነው። ኤምኤንኢ ውስጥ የአንዱን ሰው ራስ እንዲያክል በሦስቱም አቅጣጫ ማሳደግና ማሳነስ ትችያለሽ። ለዚህም ያው የፊት ነጥብ ያስፈልግሻል። ራሱ ቢገጥምም ውስጡ ያለው እጥፋት ግን የሰውየው አይደለም። «በግራ ወገን የእንቅስቃሴ አካባቢ» ካልሽ እቀበልሻለሁ። «ከቦዩ ፊት ለፊት ባለው እጥፋት» ካልሽ አልቀበልም። ወደ ስትሮክ ስትሄጂ ደግሞ ይባስ ብሎ የታመመው አንጎል ራሱ ቅርጹ ተለውጧል። እዚያ የሰውየው የራሱ ኤምአርአይ የግድ ነው። ገንዘብ ስታፈላልጊ መጀመሪያ ለእነሱ አፈላልጊ።

ጋሽ ማግኔት፦

ልጄ፣ እኔ ለገሃር አካባቢ ኤምአርአይ ላይ የምሠራ ራዲዮግራፈር ነኝ። የፕሮግራሙን ነገር እነሱ ነግረውሻል። እኔ ስለ ጆሮው ልንገርሽ።

የግራ ጆሮው የራቀው ተጨፍልቆ ነው። ሰው ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ድምፁ እንዳይረብሸው የጆሮ መከላከያ እናደርግለታለን። ራሱ እንዳይነቃነቅ ደግሞ በግራና በቀኝ ስፖንጅ እንወትፋለን። ስፖንጁ አንዱን ወገን ይበልጥ ከገፋ ጆሮው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ምስሉ ላይ የምታዪው ጆሮ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ያለው ጆሮ አይደለም። ቀጥሎ የሚነሳ ሰው ሲኖርሽ ባለሙያውን «ጆሮው እንዳይታጠፍ» ብለሽ ለምኚ። በጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ መድፈኛ ካለ እሱ ይሻላል።

ምን እንደምትጠይቂም ልንገርሽ፣ «ጥሩ ምስል» ካልሽ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን ነው የምትወስጂው። የማሽኑን ስም እዪ፤ የምትፈልጊው ምስል ስም በየኩባንያው ይለያያል። ሲመንስ ከሆነ ኤምፒሬጅ በይ። ጂኢ ከሆነ ብራቮ በይ። ፊሊፕስ ከሆነ ስሪዲ ቲኤፍኢ በይ። በሁሉም ወገን 1 ሚሊ ሜትር፣ በመሃል ክፍተት የሌለው። ጊዜው ከሌላው ምስል ብዙም አይበልጥም፤ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ወረፋ በበዛበት ቀን ግን 5 ደቂቃ ትልቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂጂ።

ሌላው፣ አፍንጫው በሙሉ ምስሉ ውስጥ ይግባ። ሐኪሙ የሚፈልገው አንጎሉን ስለሆነ ጊዜ ለመቆጠብ ክፈፉ ሲጠብ አፍንጫው ተቆርጦ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ተጠምዝዞ ከራሱ በስተጀርባ ይወጣል፤ ማጅራቱ ላይ አፍንጫ የበቀለ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ምስል ላይ የራስ ቆዳው አይወጣልሽም።

ከፋርማሲ የቫይታሚን ኢ እንክብል ግዢ። አንዱን በቀኝ ጆሮው ፊት በፕላስተር ለጥፊ፣ ከዚያ ይነሳ። ዘይት ስለሆነ ቲ-ዋን በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ዓይነት ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። እኛ ፊልም ስናነብ የታማሚው ቀኝ በእኛ ግራ ነው። የናንተ ፕሮግራሞች ግን አንዳንዶቹ ቀኙን በቀኝ ያሳያሉ። ፋይል ሲቀየር መገልበጥና አለመገልበጡን በዓይን ለማወቅ ከዚያች እንክብል የሚበልጥ የለም። የት እንደለጠፍሽ በወረቀት ጻፊ፣ ጠርዟን ደግሞ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ አክብቢ። ስልክ ስካኑን በዚያው ቀን ካደረግሽ የጆሮውን ነጥብ ምልክቷ ላይ ትለቅሚያለሽ።

የፊቱን ነገር በማሰብሽ ተባረኪ። ዳታውን ለሌላ ሰው የምትሰጪ ከሆነ ፊቱን የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ግን አስቀድመሽ አገጣጥሚ፣ ከዚያ አጥፊ። ፊቱ ከጠፋ በኋላ የሚገጥም ነገር የለም።

የማታዋ ከአምስት ኪሎ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጆሮው ነገር ልክ እንዳሉት ነው። ምስሉን ቁራጭ በቁራጭ ሳየው የግራ ጆሮው ወደ ኋላ ተጣጥፎ ከራስ ቅሉ ጋር ተጣብቋል። ቀኙ ነፃ ነው። ስለዚህ የግራውን ነጥብ ክብደት ዜሮ አደረግኩት።

ከፊቱ ላይ 400 ገደማ ነጥብ ቆርጬ አስገባሁ። መጀመሪያ በእጄ ቀና አደረግኩት፣ ከዚያ አይሲፒ። ራሱ ካለበት 5 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ተመለሰ። የፊቱ ነጥቦች አማካይ ርቀት አሁን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጎን ሳየው የአፍንጫው ግንድ ቆዳው ላይ ተኝቷል፣ የዓይኑ ጉድጓድ ጠርዝ ከጠርዙ ጋር ገጥሟል። ኤሌክትሮዶቹ ከቆዳው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለዋል፤ ግንባር ላይ፣ ጸጉር በሌለበት፣ ተጠግተዋል። አናቱና ኋላው እኩል ነው። የሰመጠ አንድም የለም።

የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ የኤሌክትሮዶቹን ፕላስቲክ ለካሁ። ስካኑ በ1 ፐርሰንት ያህል ነው የሰፋው፤ አስተካከልኩት። ለሚቀጥለው ካርዱን እጠቀማለሁ።

የጣቱንም ሞከርኩት። በድሮው ግጥም የቀኝ እጅ ቤታ መቀነስ ከቦዩ ፊት ለፊት በጣም ርቆ፣ ወደ ግንባር ወጥቶ ነበር የሚታየኝ። አሁን በግራው ወገን፣ የእጅ ቦታ የሚባለው የአንጎል ጉብታ ላይ ነው። የግራ እጅ ደግሞ በቀኙ። ስክሪኑን ሳየው እንባዬ መጣ ብል ማጋነን አይደለም። የሚዲያን ነርቭ ፈተናውን የሚሠራልኝ ሐኪም እየፈለግኩ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከሌሎቹ ፈቃደኞቼ የሦስቱ ስልክ ስካን ላይ ፊታቸው የለም፣ ኮፍያውን ብቻ ነው ያነሳነው። ኢኢጂው ግን ጥሩ ነው። ይጣል ወይ?

ሹሩባና ሲግናል፦

አይጣልም። ሰዎቹን ጥሪያቸው። ኮፍያውን እንደገና በዚያው ልክ አድርጉላቸው፦ ከአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት ጉብታ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ የመሃሉ ኤሌክትሮድ ሁለቱም መስመር እኩሌታ ላይ ይሁን። ከዚያ ከነፊታቸው ስካን አድርጉ። ሁለተኛው አቀማመጥ ከመጀመሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያል፤ ለኤፍኤስአቨሬጅ ያ ይበቃል። ጽሑፍሽ ላይ ግን ስካኑ የተሠራው በሌላ ቀን መሆኑን ግለጪ። የነዚህን ሦስቱን ውጤት ከጎፈሬው ጓደኛሽ ውጤት ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አትቀላቅዪው።

ሐኪሙን አግኝቼልሻለሁ፣ በግል መልእክት እጽፍልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ኪሎ ነኝ። የግጥሙን ውጤት የያዘውን የትራንስ ፋይልና ስካኑን በፍላሽ ይዘሽ ነይ፣ ጓደኛሽም ፈቃዱ ከሆነ አብሮሽ ይምጣ።